«ከሐዘን የመጣ ነው»

ይድረስ ለአንባቢዬ፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ የዛሬ ስድስት ዓመት ከአፌ ያመለጠ አንድ ቃል እስከ ዛሬ ስለሚከነክነኝ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ፤ ልመልሰው አልቻልኩም። ቢያንስ እርስዎ ለሌላ ሰው እንዳይደግሙት ልንገርዎ ብዬ ነው።

አክስቴ የጡት ካንሰር እንዳለባት በተነገረን ቀን ከሆስፒታሉ ኮሪደር፣ ከግድግዳው ጥግ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነበር። የፓቶሎጂውን ውጤት እንደ ገንዘብ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራዋለች። እኔ የምለው ጠፍቶኝ፣ ዝም ማለቱም ከብዶኝ፣ «እቴቴ፣ ስልሽ አልነበር? ይኼ ሁሉ ብስጭትሽ ያመጣብሽ ነው» አልኳት። በክፋት አልነበረም። እንዲያውም ምክር የሰጠሁ መስሎኝ ነበር፤ መበሳጨቷን ብትተው ትድናለች ብዬ ነው። እሷ አልመለሰችልኝም። ቋጠሮውን ፈታችና እንደገና አጥብቃ ቋጠረችው።

ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመት አልሞላውም ነበር። አክስቴ በተፈጥሮዋም ሆደ ባሻ ነበረች። በጥቂት ነገር ታለቅሳለች፣ ልጆቿ ስልክ ካላነሡ እንቅልፍ አይወስዳትም፣ በር በኃይል ሲዘጋ ትደነግጣለች። ዘመድ ሁሉ የሚያውቃት በዚህ ነው። ስለዚህ መታመሟ ሲሰማ «ከምን መጣባት?» ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። መልሱ ቀድሞ ተዘጋጅቷል፤ ሐዘኑ ነው፣ ብስጭቱ ነው፣ ሆዷ ውስጥ አምቃ ስለያዘችው ነው።

በኋላ የነገረችኝ ግን ከዚህ ሁሉ የባሰ ነው። እብጠቱን ያገኘችው ገላዋን ስትታጠብ ነው። የሽንብራ ፍሬ የሚያክል፣ የማያምም ነገር ነበር። ለማንም ሳትናገር ስምንት ወር ይዛው ቆየች። ለምን ብዬ ስጠይቃት «ከሐዘን የመጣ ነው ብዬ ነዋ! ሐዘኑ ሲበርድልኝ አብሮ ይሟሟል ብዬ» አለችኝ። ስትመረመር ሽንብራው ሎሚ አክሎ፣ በሽታው ብብቷ ሥር ዘልቋል።

አክስቴ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ተኩል ኖረች።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ነገሩ እንቅልፍ ስለነሣኝ ያገኘሁትን ሁሉ ያነበብኩ፣ የሚያውቁትን የጠየቅሁ ሰው ነኝ። ጥያቄው የሰፈር ወሬ ብቻ እንዳልሆነ ያወቅሁትም ያኔ ነው። የስሜት አለመረጋጋት ካንሰር ያመጣል ወይ የሚለውን ሊቃውንት ለዘመናት ሲከራከሩበት ኖረዋል፤ አሁን ደግሞ ዘረመል የሚያጠኑ ሰዎች ገብተውበታል። «በዘረመል ማስረጃ ተገኘ» የሚል ነገር ሰምተው ልብዎ ደንግጦ ከሆነ፣ ወይም «ይኸው እኔም ብያለሁ» ብለው ከሆነ፣ እስቲ ትንሽ አብረን እንቆይ። ዓመቶቹን የምጽፍልዎ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

መቼም ይህን እምነት እኛ ዘንድ ለመንቀል ከባድ የሚያደርገው ቋንቋችን ራሱ ነው። ስንናደድ ቆሽታችን ያርራል። ስናዝን አንጀታችን ይቃጠላል። ስንፈራ ሐሞታችን ይፈስሳል፤ ጨቅጫቃ ሰው ደግሞ ጨጓራችንን ይልጠዋል። እንዲህ እያለ ላደገ ሰው የታመቀ ሐዘን ጡት ላይ እብጠት ሆኖ ቢወጣ ምን ያስገርመዋል? ሌላውም ዓለም ከዚህ የራቀ አልነበረም። በሁለተኛው መቶ ዓመት የኖረው ሐኪም ጋለን ጥቁር ሐሞት የበዛባቸው፣ ትካዜ የሚያጠቃቸው ሴቶች ለጡት ካንሰር ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው ብሎ ያምን ነበር።

ጨጓራን ካነሣሁ አይቀር የሱን ነገር ልጨርሰው። የጨጓራ ቁስለት ከጭንቀትና ከአሲድ ብዛት ነው የሚመጣው የሚለው የእናቶቻችን አባባል ብቻ አልነበረም፤ የሕክምና ትምህርት ቤት ትምህርትም ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ ሁለት አውስትራሊያውያን ሐኪሞች፣ አብዛኛው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ከሚባል ባክቴሪያ ነው አሉ። የሚያምናቸው ጠፋ። ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን በብርጭቆ በጥብጦ ራሱ ጠጣውና በቀናት ውስጥ ጨጓራው ተቆጣ። በ2005 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ። ይኸው ባክቴሪያ ከጨጓራ ካንሰር መንሥኤዎች አንዱ መሆኑን የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1994 መዝግቦታል። ዛሬ ጤና ጣቢያ ሄዶ «ጨጓራዬን» ያለ ሰው የሰገራ ምርመራ ይታዘዝለታል፣ ባክቴሪያው ከተገኘበትም መድኃኒት ይሰጠዋል። ስንት ሰው ግን «አትበሳጭ» ብቻ ተብሎ ቁስሉን ይዞ ኖረ!

ወደ ካንሰሩ ልመለስ። ይህን ጥያቄ ለማጥናት ትልቁ ችግር የታመመን ሰው ጠይቆ እውነቱን ማግኘት አለመቻሉ ነው። ካንሰር የያዘው ሰው ይጨነቃል፤ ባይጨነቅ ነው የሚገርመው። በሽታው ገና ሳይታወቅ ሰውነትን እያደከመ፣ እንቅልፍ እየነሣ ስሜትን ሊያናጋ ይችላል። ስለዚህ ጭንቀቱ በሽታውን ቀደመው ወይስ በሽታው ጭንቀቱን? በዚያ ላይ የሚጨነቅ ሰው ብዙ ጊዜ ያጨሳል፣ ይጠጣል፣ እንቅልፍ ያጣል። ጥፋቱ የጭንቀቱ ይሁን የሲጋራው በምን ይለያል?

ለዚህ ነው ዘረመል የተፈለገው። ዘዴው ሜንደሊያን ራንደማይዜሽን ይባላል፤ ስሙ ቢከብድም ነገሩ ዕጣ ነው። ልጅ ሲፀነስ ከእናትና ከአባቱ ከያንዳንዱ ዘረመል አንዱን ቅጂ የሚወስደው ልክ የዕቁብ ዕጣ እንደሚወጣ ነው። ዳኛው አይቶ አይሰጥም፣ አባሉም አይመርጥም። ያ ዕጣ የወጣው ገና ሐዘን ሳይመጣ፣ ሲጋራ ሳይለኮስ፣ እብጠት ሳይበቅል ነው። ታዲያ በዕጣው ለጭንቀት የሚያጋልጥ ዘረመል የደረሳቸው ሰዎች፣ ካልደረሳቸው ይልቅ በብዛት በካንሰር የሚያዙ ከሆነ፣ በሽታው ጭንቀቱን አመጣው ማለት አይቻልም፤ በሽታ ወደ ኋላ ተመልሶ ዘረመልን አይለውጥምና።

የሐሳቡ አጀማመርም ከካንሰር ጋር የተያያዘ ነው። በ1986 ማርቲን ካታን የተባለ ሆላንዳዊ ተመራማሪ ላንሴት ለተባለው የሕክምና መጽሔት አጭር ደብዳቤ ጻፈ። በዚያን ጊዜ ኮሌስትሮላቸው ዝቅ ያለ ሰዎች በካንሰር ይበልጥ ይያዛሉ የሚል ስጋት ነበር። ካታን ያለው፣ ኮሌስትሮልን ዝቅ የሚያደርግ ዘረመል ይዘው የተወለዱትን እንይ፤ እነሱ ይበልጥ ካልተያዙ ኮሌስትሮሉን ያወረደው ካንሰሩ ነው ማለት ነው፣ ነው። በ2003 ጆርጅ ዴቪ ስሚዝና ሻህ ኢብራሂም ሐሳቡን አስፍተው ለብዙ በሽታ የሚሆን ስልት አደረጉት።

የጭንቀት ዘረመል የሚባለውስ ምንድን ነው? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንድ የጭንቀት ዘረመል የለም። ብሪታንያ ውስጥ ዩኬ ባዮባንክ የተባለ ግዙፍ የምርምር ማዕከል ከ2006 እስከ 2010 ድረስ ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 69 የሆኑ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ፈቃደኞችን መዝግቦ ደማቸውን አስቀመጠ። አሥራ ሁለት አዎ ወይም አይደለም የሚመለሱ ጥያቄዎችም ጠየቃቸው። ስሜትዎ ከፍ ዝቅ ይላል ወይ፣ የሚጨነቁ ሰው ነዎት ወይ፣ ቶሎ ይከፋዎታል ወይ፣ የመሳሰሉት። አክስቴ ብትጠየቅ ለአሥራ ሁለቱም አዎ የምትል ይመስለኛል። የአዎንታው ብዛት ኒውሮቲሲዝም ለሚባለው፣ እኛ የስሜት አለመረጋጋት ለምንለው ጠባይ መለኪያ ሆነ። በ2018 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን ወደ 330 ሺህ በሚጠጉ ሰዎች ላይ ከዚህ ጠባይ ጋር የተያያዙ 116 የዘረመል ቦታዎችን አገኘ። ሌላው ቡድን በዚያው ዓመት 449 ሺህ ያህል ሰዎችን መርምሮ 136 አገኘ። እያንዳንዱ ቦታ የሚያደርገው ለውጥ ከአሸዋ ቅንጣት ያነሰ ነው። መንታዎችን ያጠኑ እንደሚሉት በዚህ ጠባይ ሰው ከሰው ከሚለያይበት ነገር 40 ከመቶ ያህሉ በዘር የሚተላለፍ ነው፤ በዲኤንኤው ላይ በቀጥታ ተነብቦ የሚገኘው ግን ወደ 10 ከመቶ ብቻ ነው።

ይህን ቢአርሲኤ ዋን እና ቢአርሲኤ ቱ ከሚባሉት ዘረመሎች ጋር አያምታቱት። እነዚያ ሲበላሹ አንዲት ሴት በዕድሜዋ ውስጥ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከ60 ከመቶ በላይ ሊደርስ ይችላል። እናት፣ እኅት ወይም አክስት በለጋ ዕድሜያቸው ታመውብዎ ከሆነ ሐኪም ማማከር ያለብዎ ስለዚያ ነው። የሆደ ባሻነት ዘረመል ከነዚያ ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም።

ታዲያ ዕጣው ምን አሳየ? የተወሰኑ የዘረመል ጥናቶች በስሜት አለመረጋጋትና በሳንባ ካንሰር መካከል ግንኙነት አግኝተዋል። ይህን አልደብቅዎትም። ግን ለምን ሳንባ? እነዚያ ከመቶ የሚበልጡ የዘረመል ቦታዎች የሚሠሩት ጭንቀት ላይ ብቻ አይደለም። ብዙዎቹ ከድብርትም፣ ሲጋራ ከመጀመርና ለመተው ከመቸገርም ጋር ተያይዘው ይገኛሉ። ዕጣው የሰጠው ጭንቀት ብቻ ሳይሆን ከጭንቀቱ ጋር የሲጋራ ፓኮውንም ሊሆን ይችላል። ዘዴው የሚያስተማምነው ዘረመሉ በአንድ መንገድ ብቻ ሲሄድ ነው፤ ይህ ግን በብዙ መንገድ ይሄዳል።

ሰዎችን ለዓመታት የተከታተሉት ጥናቶች ይህንኑ ያጠናክራሉ። በ2010 የወጣው የስዊድንና የፊንላንድ ጥናት 59,548 ሰዎችን ይዟል፤ ጠባያቸው የተመዘነው በ1970ዎቹ ነው፣ እስከ 30 ዓመት ድረስም ተከታትሏቸዋል። 4,631ዱ በካንሰር ተያዙ። የስሜት አለመረጋጋት ከጠቅላላው የካንሰር ቁጥር ጋር ግንኙነት አልተገኘለትም። በ2014 ስድስት ጥናቶችን አንድ ላይ ያደረገው፣ 42,843 ሰዎችን የያዘው ሥራ ጡትን ለይቶ ጭምር አይቶ ምንም አላገኘም። በ2023 ደግሞ ከሆላንድ፣ ከብሪታንያ፣ ከኖርዌይና ከካናዳ የተሰበሰቡ የ319,613 ሰዎች መረጃ በድብርትና በጭንቀት በኩል ታየ። ለጡት፣ ለፕሮስቴትና ለአንጀት ካንሰር የተገኘ ነገር የለም። ለሳንባና ከማጨስ ጋር ለሚመጡት ካንሰሮች ግንኙነት ተገኘ፤ ሲጋራው፣ መጠጡና ክብደቱ በሒሳቡ ውስጥ ሲገቡ ግን ወደ 6 ከመቶ ልዩነት ወረደ።

በአይጦች ላይ የተሠሩ ሙከራዎች መኖራቸውንም ልናገር። ቆይቶ የሚዘልቅ ጭንቀት የሚለቃቸው እንደ አድሬናሊን ያሉ ሆርሞኖች፣ ቀድሞ የተተከለባቸውን እብጠት ሲያፋጥኑ ታይቷል። የሚናቅ ነገር አይደለም፤ ምርምሩም ይቀጥላል። ግን ቀድሞ የነበረን እብጠት ማፋጠን እና ከሐዘን እብጠት መፍጠር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዲት ሴት ኮሪደር ላይ ተቀምጣ የምትፈረድበት በሁለተኛው ነው።

አሁን በጣም ያናደደኝን ልንገርዎ። እነዚያ አሥራ ሁለት ጥያቄዎች የተወሰዱት ከሃንስ አይዘንክ መጠይቅ ነው። አይዘንክ በለንደን ይሠራ የነበረ፣ በዘመኑ እጅግ የታወቀ የሥነ ልቦና ምሁር ነው። በ1962 ከአንድ የግላስጎው የደረት ሐኪም ጋር ሆኖ የሳንባ ካንሰር ሕሙማን በስሜት አለመረጋጋት መለኪያው ከሌሎች ዝቅ ያለ ውጤት እንዳላቸው ጻፈ። አንባቢዬ፣ ልብ ይበሉ፤ ዝቅ ያለ ነው ያለው! ስሜታቸውን አፍነው የሚይዙት ናቸው የሚታመሙት ማለቱ ነበር። በኋላ ሮናልድ ግሮሳርት ማቲቼክ ከተባለ ተመራማሪ ጋር ሆኖ «ለካንሰር የተጋለጠ ጠባይ» አለ ብለው ተነሡ፤ በዚያ ጠባይ ያሉት በካንሰር የሚሞቱት ለማመን በሚያዳግት ብዛት ነው ብለው አወጡ። አይዘንክ ለምርምሩ ከትምባሆ ኩባንያዎች ገንዘብ ይቀበል እንደነበር በኋላ በሰነድ ተጋልጧል። ጠባይ ነው የሚገድለው ከተባለ ሲጋራው ነፃ ይወጣላ! ሰውዬው በ1997 ሞተ። በ2019 የቀድሞ ተቋሙ ኪንግስ ኮሌጅ ለንደን መርምሮ 26 ጽሑፎቹ የማይታመኑ ናቸው አለ፤ ከዚያ ወዲህ በርካቶቹ ከመጽሔቶቹ ተሰርዘዋል።

ይህን ያነበብኩ ዕለት አክስቴ ትዝ አለችኝ። ታለቅስ ስለነበር «ለቅሶሽ ነው ያመጣብሽ» አልናት። ዝም ስትል «አምቀሽ ስለያዝሽው ነው» አልናት። እንባዋም ዝምታዋም ክስ ሆኑባት። ካንሰር ለያዘው ሰው ሁሉ ከዚህ የሚያመልጥበት ጠባይ አልተውንለትም።

የእኛን አገር ነገር ካየን ደግሞ ክሱ ይበልጥ ቦታ ያጣል። ኢትዮጵያውያት ሴቶችን ከሁሉ በላይ የሚይዟቸው የጡትና የማሕፀን በር ካንሰር ናቸው። የማሕፀን በር ካንሰር ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚመጣው ኤችፒቪ ከሚባል ቫይረስ ነው፤ ይህን ያገኘው ሃራልድ ሱር ሃውዘን በ2008 ኖቤል ተሸልሟል። በአገራችን ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ክትባቱ ለልጃገረዶች ይሰጣል። ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ለሆኑ ሴቶችም በአሴቲክ አሲድ፣ የኮምጣጤው ዐይነት ማለት ነው፣ በደቂቃዎች የሚያልቅ ምርመራ አለ። ትምባሆ የሚጠቀመው አዋቂ በ2016 በተደረገው ብሔራዊ ዳሰሳ 5 ከመቶ ነበር። እንግዲህ በዘረመል በኩል የቀረችው ቀጭን ክር በሲጋራ በኩል የምታልፍ ከሆነች፣ ሲጋራ በአፏ ዞሮ የማያውቅ አንዲት እናት የጡት እብጠቷ ከሆደ ባሻነቷ መጣ የምንላት በየትኛው ማስረጃ ነው? ደግሞ ያ ሁሉ የባዮባንክ ዲኤንኤ ከሞላ ጎደል የነጭ አውሮፓውያን ነው። የእኛ ሰው ዕጣ ገና በወጉ አልተነበበም፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተሳተፈበት ኒውሮጋፕ የተባለው የአፍሪካ ጥናት ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ የአእምሮ ሕመምን ዘረመል ማጥናት መጀመሩ ደስ ያሰኘኛል።

እርስዎ ራስዎ የሚጨነቁ ሰው ከሆኑ ይህን ያንብቡልኝ። በ2017 ከዚያው ከዩኬ ባዮባንክ የ321,456 ሰዎችን መረጃ ያዩ ተመራማሪዎች፣ ሰዎቹ ስለ ጤናቸው የሰጡት ግምት በሒሳቡ ሲገባ፣ ይበልጥ የሚጨነቁት የመሞት ዕድላቸው በጥቂቱ ዝቅ ብሎ አገኙት። ከሚሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ የሚጨነቅ ሰው ነገር ሲሰማው ቶሎ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል የሚል ነው። አክስቴን የሚያህል ተጨናቂ አልነበረም። ልጇ ሲያስላት በሌሊት ጤና ጣቢያ የምትሮጥ ሴት ነበረች። ለራሷ እብጠት ግን ስምንት ወር ቁጭ አለች፤ ጭንቀቷ ሐኪም ዘንድ እንዳይወስዳት ያገድነው፣ ጭንቀቷን ራሱን በሽታው አድርገን የነገርናት እኛ ነን። ድብርትና ጭንቀት መታከም አለባቸው፤ የሚታከሙት ግን ራሳቸው ስለሚያሠቃዩ ነው።

ስድስተኛውን ኬሞ ከወሰደች በኋላ ልጠይቃት ሄድኩ። ጠጉሯ ረግፎ ሻሽ አጥብቃ አስራለች። ከሰል አቀጣጥላ ጀበና ጥዳ፣ ለኔ ብላ ቡና ልታፈላ ተነሥታለች። ሰው ሁሉ «አታልቅሺ፣ ይብስብሻል» ስላላት ከታመመች ወዲህ አልቅሳ አታውቅም ነበር። ለባሏ ሙት ዓመት እንኳ ዐይኗን ጨፍና ተቀምጣ ነው የዋለችው። ያነበብኩትን ሁሉ በማውቀው መንገድ አስረዳኋት፤ ዕጣውን፣ ሲጋራውን፣ የስዊድኑን ሰዎች። በመጨረሻ «እቴቴ፣ ያን ቀን ያልኩሽ ውሸት ነው። አንቺ አላመጣሽውም። ይቅር በዪኝ» አልኳት።

«ታዲያ ከምን መጣብኝ?» አለችኝ።

«አይታወቅም» አልኳት። «ሐኪሞቹም አያውቁትም። ካንቺ ግን አይደለም።»

ማራገቢያውን ይዛ ትንሽ ቆየች። «ከለቅሶውም አይደለም?»

«አይደለም።»

ማራገቢያውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ነጠላዋን ከትከሻዋ ስባ ፊቷ ላይ አደረገችና የባሏን ስም ጠርታ ማልቀስ ጀመረች፤ ድምፅ አውጥታ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ። ተጠጋኋት። ጀበናው ገንፍሎ ከሰሉ ላይ ሲንሿሿ ሰማን፤ ማናችንም ግን አልተነሣንም።